ነጃሳው የት ሄደ?



ውድ እህት ወንድሞቼ፣ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻ ለቁርስ ሰዓት የሚመች አይደለም። ስለ ሽንት ቤት ነው። ቡና ይዛችሁ ከሆነ መጀመሪያ ጨርሱት። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ያመነታሁት ርዕሱን አፍሬበት አይደለም፤ ውስጡ ያለው ጥፋት የራሴ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ወር እዚህ ወግዲ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ጣለ። የምንኖርበት ግቢ ተዳፋት ላይ ነው። ሦስት ተከራዮች ነን። ለሦስታችን ያለው የሽንት ቤት ጉድጓድ አንድ ሲሆን ከኔ ቤት ጀርባ፣ ከወለሌ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የተቆፈረው። አከራያችን ለኔ ቤት በውሃ የሚለቀቅ መቀመጫ ውስጥ አስገብቶ በቱቦ ከዚያው ጉድጓድ ጋር አገናኝቶልናል። ለእንግዳ ሳሳይ እኮራበት ነበር። በሦስተኛው ቀን ከዙህር በፊት ጎርፉ ጉድጓዱን ሞላውና የገባው ሁሉ በመጣበት ቱቦ ተመለሰ። መጀመሪያ ጉርግር የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ ከመቀመጫው ገንፍሎ ወለሉን አለበሰው። መስገጃችን፣ የልጆቹ ፍራሽ፣ መሬት ያስቀመጥኳቸው የደረሶቼ ደብተሮች፣ ሁሉም ራሰ።

ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። እኔ ሱሪዬን ሰብስቤ ሥራ ጀመርኩ። አሥር ጀሪካን ውሃ አፈሰስኩ። በመጥረጊያ እየገፋሁ በጓሮ በር በኩል አስወጣሁት። ከበሩ ውጭ አጥሩ ሥር የዝናብ ውሃ መውጫ ቀዳዳ አለ፤ ሁሉም በዚያ ወረደ። ወለሉ ሊሾ ስለሆነ ብዙም አላስቸገረኝም። ዐስር ሲደርስ ሽታ የለም፣ ቀለም የለም። ታጠብኩ፣ ልብሴን ቀየርኩ፣ ንጹሕ ሰሌን አንጥፌ ሰገድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን በሶላቴ ውስጥ ደስታ ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ቤቴ ጠራ» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከአጥሩ በታች ያሉት ጎረቤታችን ጠሩኝ። በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ ክርስቲያን ሴት ናቸው። በኢድ እኛ ጋ፣ በፋሲካ እሳቸው ጋ የምንጠራራ ነን። አልተቆጡም። «ልጄ፣ የእናንተ ውሃ እኛ ጋ ወረደኮ» አሉኝ። ወርጄ አየሁት። ያ ሁሉ የጠረግኩት ነገር የጎመን መደባቸው ላይ ተኝቷል። ከመደቡ ዐሥር እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት የእጅ ውሃ ጉድጓዳቸው አለ። አፉ በቆርቆሮ ተከድኗል፤ ዙሪያው ግን ግንብ የለውም።

ከሦስት ቀን በኋላ አብሯቸው የሚኖረው የልጅ ልጃቸው ተቅማጥ ያዘው። ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ኦ.አር.ኤስ. ተሰጠው፤ አላህ ይመስገን በሳምንቱ ተነሥቶ ሮጠ። ከኔ ውሃ ይሁን ከሌላ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ክረምት ላይ ተቅማጥ ብዙ መነሻ አለው። ግን ልጁ ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ተኝቶ ሳየው አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። ያን ቀን ዐስር ስሰግድ ንጹሕ ነበርኩ ወይ?

ፊቅህ የተማረ ሰው መልሱን በቶሎ ይሰጣል። ቦታው ጠርቷል፣ ልብሱ ጠርቷል፣ ሰውነቱ ጠርቷል፤ ሶላቱ ትክክል ነው። እኔም እንዲሁ እመልሳለሁ። የማስተምረው ትምህርት ነው። የፊቅህ ኪታቦቻችን የሚከፈቱት በጡሃራ ምዕራፍ ነው፤ ልጆች መድረሳ ሲገቡ ከሶላት በፊት የሚማሩት ይህንን ነው። የነጃሳው አካል ይነሣል፤ ከዚያ ጣዕሙ፣ ቀለሙና ሽታው እስኪጠፋ ይታጠባል። ይህን ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ።

በመጀመሪያ ሰበብ ያደረግኩት ኪታቡን ነው። «ኪታቡ ስለ ቤቴ ነው የነገረኝ፤ ከአጥሬ በታች ስላለው አልነገረኝም» አልኩ። ተመልሼ ሳነበው ግን ነግሮኛል። ዑለማዎቻችን የታጠበበት ውሃ ራሱ ምን እንደሚሆን ጠይቀው ነበር። ውሃው ከታጠበው ነገር ሲለይ ቀለሙ ወይም ሽታው ተለውጦ ከሆነ ያ ውሃ ነጃሳ ነው። ማለትም እኔ ነጃሳውን አላጠፋሁትም። ቦታ አስቀየርኩት። ይህን ለደረሶቼ የፈተና ጥያቄ አድርጌ አውጥቼ አውቃለሁ። ውሃው ግን በራሴ በር ሲወጣ የት እንደሚሄድ ዓይኔን አንሥቼ አላየሁም።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ባዮሎጂ ነው። እዚያም ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው፤ ነገር አይጠፋም፣ ይዘዋወራል። በሁለቱም ቦታ ተምሬ በሁለቱም አልሠራሁበትም።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሊያጽናናኝ ፈለገ። «ዝናቡን አንተ አላዘነብከው። ቀደር ነው» አለኝ። ልክ ነው፣ የጉድጓዱ መገንፈል ቀደር ነው። መጥረጊያውን የያዘው ግን የኔ እጅ ነው። እስከ ወለሌ የመጣው የደረሰብኝ ነገር ነው፤ ከወለሌ ወደ ታች የሄደው ያደረግኩት ነገር ነው። ሁለቱን መለየት ካልቻልን ቀደር የምንለው የስንፍናችን መጠሪያ ይሆናል።

ሌላው ያለኝ ጠንከር ይላል። «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም። ደግሞስ ሻፊዒዮች የመንገድ ጭቃ ይማራል አይሉም ወይ?» አለኝ። አዎ፣ ይላሉ፤ ትልቅ እዝነት ነው። በክረምት መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ነጃሳ የተቀላቀለበት ጭቃ ቢረጨው፣ ሊጠነቀቀው የማይችለውን ያህል ይማርለታል። ደግሞም የክረምቱና የበጋው ልክ አንድ አይደለም። እዚህ ወግዲ ክረምት ላይ ይህ ባይኖር ማን ይሰግድ ነበር? ግን ምሕረቱ ለማን እንደሆነ ልብ በሉ። ለተረጨው ነው። ለረጪው አይደለም። ጭቃው እንዳይነካው ማድረግ ላልቻለ ሰው የተሰጠ ገርነት፣ ጭቃውን ሰው ላይ ለሚገፋ ፈቃድ ሊሆን አይችልም። እኔ በራሴ ላይ ገር መሆን የነበረብኝን ቦታ ትቼ በጎረቤቴ ሐቅ ላይ ገር ሆንኩ። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። ለውዱእ ወስዋስ ይዞን ጆግ ሙሉ ውሃ እንደፋለን፤ የደፋነው የት እንደቆመ ግን አናይም።

«ታዲያ ምን አማራጭ ነበረህ?» ለሚለው መልስ አለኝ፤ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ። አካፋ ነበረኝ። ውሃ ከማፍሰሴ በፊት ወፍራሙን በአካፋ አንሥቼ እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ከጎርፉና ከእሳቸው ጉድጓድ ርቆ ቆፍሬ ልቀብረው እችል ነበር። የአጥሩን ቀዳዳ በአፈር ዘግቼ ለእጥበት ውሃው የራሴን ጉድጓድ ልቆፍርለት እችል ነበር። ከሁሉም በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ «እማማ፣ ውሃ እየወረደ ነው፣ ጉድጓዱን ጠብቁ» ልላቸው እችል ነበር። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያልተናገርኩት ስላፈርኩ ነው። በሀፍረቴ ምክንያት ልጃቸው ያንን ውሃ ጠጣ።

በመስጊድ ውስጥ ስለሸናው የገጠር ዐረብ የተላለፈውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሶሐቦች ሊከለክሉት ሲነሡ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተዉት አሉ፣ ሲጨርስ በቦታው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ እንዲፈስ አዘዙ፣ ሰውየውንም በለሆሳስ አስተማሩት። ይህን ታሪክ ስናስተምር የምናነሣው ገርነታቸውን ነው፤ ልክም ነው። እኔ ዘንድሮ ሌላም ነገር አየሁበት። ሰውየው መሀል ላይ ቢቋረጥና ቢሮጥ ኖሮ ነጃሳው በመስጊዱ ሁሉ ይረጭ ነበር። አንድ ቦታ ላይ አለቀ፤ አንድ ባልዲም በቃው። እኔ ግን አሥር ጀሪካን አፍስሼ የአንድ ቤት ጉዳይ የነበረውን የሁለት ቤት አደረግኩት።

እዚህ ላይ ከአገራችን ወጥተን አንድ ታሪክ እንይ። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ሶሆ በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በሳምንታት ውስጥ ከ600 በላይ ሰው ሞተ። የዘመኑ ሐኪሞች አብዛኞቹ መጥፎ አየር ነው አሉ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን የሟቾችን ቤት አንድ በአንድ ቆጥሮ ብዙዎቹ ብሮድ ጎዳና ላይ ካለ አንድ የእጅ ፓምፕ ውሃ እንደሚቀዱ አሳየ። የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። በኋላ ሲቆፈር ከውሃው ጉድጓድ አጠገብ የአንድ ቤት የፍሳሽ ጉድጓድ ግንቡ አርጅቶ ወደ ውሃው ሲያሰርግ ተገኘ። በዚያ ቤት አንዲት ሕፃን ታማ ነበር፤ የጨርቋ እጥበት ይደፋ የነበረው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እናቲቱ ምን አጠፋች? ልጇን አጠበች፣ ቤቷን አጸዳች። የደፋችው ውሃ የት እንደሚሄድ አላወቀችም።

የሚያስደነግጠው ደግሞ የፓምፑ ውሃ በሰፈሩ የተወደደ መሆኑ ነው። ሰዎች ጣዕሙን መርጠው ከሩቅ ይቀዱት ነበር። ሦስቱ ምልክቶቻችን፣ ጣዕምና ቀለም ሽታም፣ ምንም አላሳዩም። ስለዚህ ሁለት ንጽሕናዎች እንዳሉ እንወቅ። አንዱ ለሶላት የሚያበቃው ነው፤ አላህ በዓይናችንና በአፍንጫችን እንድንለየው አቅልሎልናል። ሌላው ሰው እንዳይታመም የሚያደርገው ነው፤ እሱ በዓይን አይታይም፣ ዕውቀት ይፈልጋል። አንዱ ሌላውን አይተካም። ወለሉ ለሶላት ጠራ ማለት ልጅ ይዳህበት ማለት አይደለም። ሰውን አለመጉዳት ግን ከሸሪዓችን መሠረቶች አንዱ ስለሆነ፣ ሁለተኛውን ንጽሕና «የሐኪም ጉዳይ ነው» ብለን መተው አንችልም። በአገራችንም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የታየው ኮሌራ ከዚያ በኋላ ክልል እየተሻገረ ብዙ ቦታ ደርሷል። በሽታው አጥር አያውቅም፤ የሃይማኖት ድንበርም አያውቅም።

እንግዲህ ክረምት ይመጣልና፣ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያስተማረችኝን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ከቤት አውጡ፤ ውሃው ወደ ማከፋፈያ የሚደርስ ከሆነ መብራት አጥፉ፤ በርና መስኮት ክፈቱ። ቦት ጫማና ጓንት አድርጉ። ወፍራሙን በአካፋ አንሥታችሁ ከውሃ ጉድጓድ ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩ። ከዚያ በሳሙናና በውሃ እጠቡ። በረኪና የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቆሻሻ ባለበት ከፈሰሰ ጉልበቱን ቆሻሻው ይጨርሰዋል። እኛስ ጡሃራ ላይ መጀመሪያ የነጃሳው አካል ይነሣ፣ ከዚያ ውሃ ይፍሰስ አይደል የምንለው? ሱቅ የሚሸጠው በረኪና 5 ከመቶ የሆነው ከሆነ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጡና ወለሉ ላይ ቢያንስ 10 ደቂቃ አቆዩት። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ይመርዛል። የራሰ የስፖንጅ ፍራሽ አይድንም፣ ይጣል። ልብስ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ይምታው። ወለላችሁ የአፈር ከሆነ የላይኛውን አፈር ፍቃችሁ አንሡ፣ ኖራ ነስንሱ፣ እስኪደርቅ አትቀመጡበት። ፍሳሽ የደረሰበት የጉድጓድ ውሃ እስኪታከም አይጠጣ፤ ሌላ ከሌለ ይፈላ ወይም በውሃ አጋር ይታከም። ማንም ሰው ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ አይግባ፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ሳይታሰብ ይገድላል። እኔ ደግሞ አንድ ልጨምር፤ ከሁሉም በፊት ከበታቻችሁ ያለውን ጎረቤት ጥሩ።

ሌላም የምናገረው ጥፋት አለኝ። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቆም የሞላውን ጉድጓድ ማስወጣት ነበረብን። የመምጠጫ መኪና ማስመጣት አቅማችን አልቻለም፤ አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ከላይ ሆኖ በረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ባልዲ እየቀዳ ወደ አዲስ ጉድጓድ አሳለፈልን። ሁለት ቀን ሠራ። ውሃ ስንሰጠው ለብቻ በተለየ ኩባያ ነበር። ሒሳቡን ልከፍለው ስወጣ ብሩን እጁ ላይ አላስቀመጥኩትም፤ ድንጋይ ላይ አኖርኩለት። ልጁ ብሩን አየ፣ እኔን አየ። «ታጥቤያለሁኮ ሸኼ» አለኝ።

ታጥቧል። ፀጉሩ ገና እርጥብ ነበር። ሰው ሰውነቱ ነጃሳ እንዳልሆነ፣ እጅ የነካው ነገር ታጥቦ እንደሚጠራ ለልጆች የማስተምር ሰው፣ የኔን ቆሻሻ የነካ እጅ ተጸየፍኩ። የኔን! እሱ የነካው እኔና ልጆቼ ያወጣነውን ነው። መስጊድ ትጠርግ የነበረችው ሴት ስትሞት ሶሐቦች ነገሩን ቀላል አድርገው ሳይነግሯቸው ቢቀብሯት፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መቃብሯን ጠይቀው ሄደው ሰገዱባት። ይህን ኹጥባ ላይ ተናግሬዋለሁ፤ በድንጋዩ ፊት ግን ትዝ አላለኝም። ሕንድ ውስጥ ሰው በእጁ ሽንት ቤት እንዲያጸዳ ማድረግን የሚከለክል ሕግ በ1993፣ ሁለተኛ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሁለተኛው ያስፈለገው የመጀመሪያው ስላልበቃ ነው፤ ሕግ ብቻውን ንቀትን አይነቅልም። እኛ ሕጉ ባይኖረንም ንቀቱ አለን። ብሩን አንሥቼ በእጁ ሰጠሁት፣ አውፍ በለኝ አልኩት፣ ምሳ አብረን በላን። ያ ሁሉ ተደርጎ ግን ያንን አረፍተ ነገሩን መልሼ ልውጠው አልቻልኩም።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ልጁ ከጤና ጣቢያ የወጣ ዕለት ሄጄ «እማማ፣ አውፍ በሉኝ» አልኳቸው። «ልጁ ድኗል፣ ተመስገን ነው» አሉኝ። ቡና አፈሉ። ስወጣ ግን በር ላይ አቁመውኝ «ጉድጓዱን ግን አርቁት» አሉ። ይቅርታ ማለት ይህ ነው። የሰው ሐቅ በኢስቲግፋር ብቻ አይወርድም፤ የተወሰደው ይመለሳል፣ የተበላሸው ይቃናል። እሳቸው በልባቸው ይቅር ብለውኛል፤ ሐቃቸው ግን ከአጥሩ ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል።

የጤና ባለሙያዎቹ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከበላዩም አይሁን ይላሉ። በእኛ ጠባብ ግቢ ውስጥ ይህን የሚያሟላ ቦታ የለም። ስለዚህ ከአከራያችን ጋር ያዋጣነው ለግማሽ መፍትሔ ነው። የአዲሱን ጉድጓድ አፍ ከመሬት ከፍ አድርገን ገነባነው፣ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፈርን፣ የኔን የውሃ መቀመጫ ዘጋሁት። የአጥሩም ቀዳዳ ተደፈነ። የእማማ ጉድጓድ በክሎሪን ታክሟል፤ እሳቸው ግን ለመጠጥ አይቀዱበትም፣ የቦኖ ውሃ ነው የሚጠጡት። ከቦኖ የሚመጣውን ጀሪካን በተራ የምንሸከመው እኛ ሦስቱ ተከራዮች ነን። የተሟላ አይደለም። የቀረው በኔ ላይ ዕዳ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከተማ ያላችሁም ከዚህ ውጭ አይደላችሁም። በኮንዶሚኒየም የላይኛው ፎቅ የሚጣለው ዳይፐርና ጨርቅ ቱቦውን ሲዘጋ፣ ፍሳሹ የሚወጣው ምድር ላይ ባለው ሰው ቤት ነው። አዲስ አበባ ወንዝ ውስጥ የተለቀቀው ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በዚያ ውሃ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ አለ፣ አትክልቱም ተመልሶ ማዕዳችን ላይ ይመጣል። የኛም የወግዲና የመካነ ሰላም ውሃ ሁሉ ቁልቁል ወደ ዓባይ ነው። ከእማማ በታች ሌላ ቤት አለ፤ ከዚያ በታች ጅረት አለ። ከበታቹ ሰው የሌለው ሰው የለም። እኛም ከአንድ ሰው በታች ነን።

ዛሬ ለጁሙዓ ስትታጠቡ፣ ሰውነታችሁ ከጠራ በኋላ አንድ አፍታ ቆም በሉና ውሃው የሚሄድበትን ተመልከቱ። ማን ጋ ይደርሳል? ያ ሰው ዛሬ በኛ ምክንያት ምን ይጠጣል? መልሱን ካላወቃችሁ ከሶላት በኋላ ሂዱና እዩት፤ እኔ ዘግይቼ ነው ያየሁት።

አላህ ውስጣችንንም ግቢያችንንም ያጥራልን። የጎረቤት ሐቅ አንገታችን ላይ ይዘን ከመሞት ይጠብቀን። ወሏሁ አዕለም።

መልካም ጁሙዓ።